ስም ጥሪ በጨሞጋ ዳር

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሩን የጠበቅሁት፣
ሌባ ፈርቼ አይደል፤ ወንዝ ነው የፈራሁት።
ከአጥራችን ጀርባ ነው፣ ቁልቁል ነው ጨሞጋ፤
ክረምት ሲሆን አውሬ፣ የቤት ድመት በበጋ።

ሾልኮ የሄደ ልጅ ሲመለስ ባጥሩ ሥር፣
ክንዱን በጥፍሬ ጫር፤ ከወጣ ነጭ መስመር፣
ዋኝቷል ማለት ነው፤ ሌላ ምስክር የለም፤
ደረቅ ጸጉር ይዋሻል፣ ቆዳ ግን አይዋሽም።
ልምጬን ሳነሳበት ያለቅሳል፣ ይምላል፤
እጄ መንቀጥቀጡን ማን ልብ ብሎ ያያል?

በሰማንያ ሁለት፣ በነሐሴ ጎርፍ፣
ወንድሜ ገባ እንጂ አልወጣም ከዚያ አፍ።
ያንን አላወራም፤ ቁልፌ ነው የሚያውቅ፤
በር ስቆልፍ እኮ እሱን ነው የምጠብቅ።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ መምህርት እናና፣
ወረቀት ይዛ መጥታ በማኅተም የጸና፣
"ክፈትልን ጋሼ፤ ዛሬ ስድስት 'ለ'፣
ክፍሉ ጨሞጋ ነው፤ ዳይሬክተሩም አለ።
አንተም ገመድ ያዝና ከኋላ ተከተል።"
ቁልፉ አንገራገረ በቀዳዳው ሊዞር ሲል።

አርባ ሦስት ናቸው፤ ሁለት ሁለት ሆነው፣
ቆሎ በኪሳቸው፣ ጫማ አንገት ላይ አስረው።
ትናንት የገረፍሁት፣ አንለይ የሚባል፣
በተከፈተው በር ዓይኑ እየሳቀ ያልፋል።
ደብረ ማርቆስ ገና ከጉሟ ሳትወጣ፣
ቁልቁለቱን ያዝን፤ የወንዙ ድምፅ መጣ።

መምህርት እናና ቀሚሷን ሰብስባ፣
ከጉልበት በማይዘል ውሃ ውስጥ ስትገባ፣
"መጽሐፉ ላይ ያለው ዓባይ ብቻ ነው ስሙ፤
ጨሞጋን ረስቷል፤ እንግዲህ እናንተ አርሙ።"

ድንጋይ ተገለበጠ፤ ከሥሩ ያደረ፣
ባለ ሦስት ጭራ ትል ብቅ አለና ዞረ።
"ይህች ካለች" አለች "ወንዙ አለ በሕይወት፤
ስትጠፋ ነው ልቅሶ።" ዝም አሉ ለጥቂት።

ከላይ ግን ላቫጆ ዘይቱን ይለቃል፤
ሐምራዊ፣ ቢጫ ሆኖ ውሃው ላይ ይስቃል።
ይታይሽ ሃይላንዱን ከቄጠማው ለቅማ፣
"ስልሳ አንድ!" ብላ ጮኸች፣ ማዶ እስኪሰማ።
አንዱ ግን "ላቫጆው ያባቴ ነው" አለና፣
መሬት መሬት አየ። ዝም አለች እናና።

የብርቱካን ልጣጭ ጥለው ፍጥነት ለኩ፤
በስልክ ሰዓት ይዘው፣ በዳር እየሮጡ።
እኔ ገመድ ይዤ ከኋላ ቀረሁ፣
ያንን ልጣጭ ብቻ በዓይኔ እየሸኘሁ።
"ሠላሳ እርምጃ" አሉ "በሃያ ሴኮንድ።"
ወንድሜን ማን ለካው፣ ያን ለታ ሲሄድ?

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ስም ጥሪ ተጀመረ፤
"አቤት!"፣ "አቤት!" ሲባል ገደሉም መሰከረ።
አርባ ሁለት ሞላ።
                    "አንለይ!"
                              ዝምታ።
"አንለይ!" ደገመች። ጉልበቴ ተፈታ።

ገመዱን ስጎትት፣ ጫማዬን ስጥል፣
ሰማንያ ሁለት ከፊቴ ድቅን ሲል፣
ወደ ላይ፣ ከሾላው ሥር፣ ክንዱ ላይ ጋደም ያለ፣
ዓይኑን ውሃው ላይ ጥሎ፣ አንለይ አለ።

"ማን ጠራህ አንተን?" አልሁ፣ ቁጣዬ እየፈራ፤
"ወንዙ ነዋ፣ ጋሼ። ተመልከተው፤ ጠራ።"

እውነትም ከላቫጆው በላይ ነው ቦታው፤
ጠጠሩ ይቆጠራል ከነመቀመጫው።
ተንበረከክሁና ፊቴን አየሁበት፤
ሌላም ፊት ነበረ። ስሙን ጠራሁለት።

ሰኞ ጠዋት በር ላይ ክንዱን ዘረጋና፣
"ጫር አርገው፣ ጋሼ" አለኝ። ጫርሁት እንደገና።
ነጭ መስመር ወጣ ከክርን እስከ መዳፍ፤
ጨሞጋን መሰለ፣ ካርታ ላይ ሲጻፍ።